ደብሪቱ፣ ጦጣና የሦስት ልጆች አፍ

«ተረቴ መጣ!»

«ይምጣ፣ ይግባ!»

«ከደጅ ቆሟል!»

«ወንበር ስጡት!»

እንግዲያው ተቀምጧልና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ድስት ምክር በሚሰጥበት፣ ጦጣ በምትነግድበት፣ ዶሮ ከሰው ጋር በምታወጋበት ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ንዳድ ያዘውና በዚያው ቀረ። ሦስት ልጆች ጥሎላት ነበር የሄደው። ትልቁ ደርብ ይባላል፤ መካከለኛዋ ትርንጎ፤ ትንሿ አንጓች።

ደብሪቱ ሀብታም አልነበረችም፤ ጨርሶ ያጣችም አልነበረችም። ከጎታዋ ሽምብራ አለ። ከጓሮዋ ዱባና ጎመን አለ። አንዲት ዶሮ አለቻት። ከቤቷ ውስጥ ደግሞ አንዲት አሮጌ የሸክላ ድስት፣ ከወይራ ግንድ የተጠረበ ሙቀጫና ከምድጃዋ የማይጠፋ እሳት አሉ። ድስቷ እንደ ባልቴት ትመክራለች። እሳቱ እንደ ጎረምሳ ይቆጣል። ሙቀጫው ከባድ ነውና ንግግሩም ከባድ ነው፤ በዓመት አንዴ ቢናገር ነው። ከቤቱ ሁሉ ጨርሶ ዝም የምትለው ደብሪቱ ነበረች። መናገርም አቅም ይጠይቃላ!

ቀን ቀን የሰው ማሳ አርማ ትውላለች። ለዋለችበት አንድ ቀን ጨው፣ አንድ ቀን ኑግ በቅል ይሰጧታል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትመለሳለች።

አርማ መጣች፤ ውሃ ቀዳች፤ እንጨት ሰበረች፤ ድስቷን ጣደች። ሽምብራውን ቀቀለች፣ ዱባውን ወጥ ሠራች፣ ጎመኑን ከትፋ አበሰለች። አቀረበች።

«ብሉ ልጆቼ።»

ደርብ አየና ፊቱን አጨማደደ። «ንፍሮ? ትናንት ንፍሮ፣ ዛሬ ንፍሮ! መንጋጋዬ ደከመ።»

ትርንጎ በጣቷ ነካ አደረገችው። «ዱባው ያሟልጫል። ጎመኑ ደግሞ ይመራል። አልወድም።»

አንጓች ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደብሪቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክማት ይህ ነበር። ለሚከራከር ልጅ መልስ ይገኛል። ለተገጠመ ከንፈር ምን ተብሎ ይመለሳል?

አንድ ቀን ለመነቻቸው። «በአባታችሁ አፈር ይዣችኋለሁ፣ አንዲት ጉርሻ!» አፍ ተከፈተ? አልተከፈተም።

በሁለተኛው ቀን ተቆጣች። ልምጭ ቆርጣ ከበሩ ጥግ አቆመች። አፍ ተከፈተ? ለልቅሶ ተከፈተ፤ ለምግብ አልተከፈተም።

በሦስተኛው ቀን ዘፈነችላቸው። ጉርሻውን በአየር ላይ እንደ ወፍ አበረረችው፣ ራሷም እንደ ወፍ ጮኸች። አፍ ተከፈተ? ለሳቅ ተከፈተ። ወፉ ሲቀርብ ተዘጋ።

ያን ቀን እሳቱ ቱግ አለ። «እኔ ለማን ነው የምነደው? ለግድግዳው?»

«ዝም በል አንተ!» አለችው ድስቷ። «አንተ የምትነደው ሲመሽ ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ስትነድ ነው የምትውለው።»

ደብሪቱ የተረፈውን ለዶሮዋ በተነችና ድስቷን አጠበች። የሚገርማችሁ ነገር፣ ያልተበላበት ድስት ለማጠብ ከተበላበት ይከብዳል።

እንግዲህ ከቤቷ ፊት ለፊት አንድ ዋንዛ ነበረ። በዋንዛው ላይ ጦጣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ተቀምጣ፣ ይህን ሁሉ ስትሰማ ከርማ ኖሯል። ልመናውን ሰማች። ቁጣውን ሰማች። ዘፈኑንም ሰማች። በማግስቱ ደብሪቱ ከእርሻ ስትመለስ ጦጣ ሦስት አገዳ ሸንኮራ በብብቷ ይዛ ከደጃፍ ቆማ አገኘቻት።

«እንዴት ዋልሽ፣ እመት ደብሪቱ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ፈለግሽ?»

«እኔማ ምን እፈልጋለሁ! ያንቺ ነገር አሳዝኖኝ ነው እንጂ። ከሲታ ሆነሽ የለ? ልጅ የሚበላው ጣፋጭ ነው። ይኸው ሸንኮራ። መጣድ የለ፣ ማማሰል የለ፣ ማጠብ የለ። አንድ ቁና ሽምብራ ብቻ ስጪኝና አንቺም ጎንሽን አሳርፊ።»

ደብሪቱ የመጀመሪያውን ሁሉ የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነበር። «ጎንሽን አሳርፊ» የሚለውን ግን በደንብ ሰማችው።

ድስቷ ከምድጃው ዳር ተጣራች። «ደብሪቱ ልጄ፣ ተይ።»

«ነገ እሠራለሁ» አለች ደብሪቱ። «ዛሬ ደክሞኛል።»

አንድ ቁና ሽምብራ ሰፍራ ሰጠች። ልጆቹ ሸንኮራውን ሲያዩ ዘለሉ። ላጡ፣ መጠጡ፣ ተፉ፣ እንደገና መጠጡ። የለመነ የለ፣ የተቆጣ የለ፣ የዘፈነ የለ። ደብሪቱ መደቧ ላይ ጋደም አለች። ከባሏ መርዶ ወዲህ ጀርባዋ እንዲህ ከመደቡ ጋር ተስማምቶ አያውቅም ነበር።

ጦጣ በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። እየመጣችም ሽምብራውን በቁና በቁና ወሰደች። ጎታው ሲጎድል ዓይኗን ወደ ጓሮ ጣለች።

«እመት ደብሪቱ፣ እነዚያ ዱባዎች ምን ያደርጉልሻል? ልጆችሽ እንደሆነ አይበሏቸው።»

«ደብሪቱ ልጄ፣ ዱባውን እንኳ ተይ» አለች ድስቷ።

«ነገ እሠራለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።»

ጦጣ ዱባዎቹን አንድ በአንድ አንከባልላ ወሰደች። ጎመኑን ግን አልፈለገችውም፤ ሲሸከሙት ይጠወልጋል አለች። እሳቱ የሚጣድበት ሲያጣ ከስሎ ከስሎ ፍም ሆነ። በድስቷ ውስጥ ሸረሪት ገባ።

አንድ ወር አለፈ። ደርብ ጥርሱን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ትርንጎ ገና ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ትተኛለች፤ ቢጠሯት «እግሬ እምቢ አለኝ» ትላለች። አንጓች አላለቀሰችም። እናቷም «ይህቺስ ደህና ናት» ብላ ነበር።

አንድ ቀን ጀንበር ልትገባ ስትል ዶሮዋ ክንፏን እያራገበች መጣች።

«ደብሪቱ፣ እኔ ሲመሽ አላይም። ዶሮ ነኝ፤ አፈጣጠሬ ነው። ልጅሽ ግን ዶሮ አይደለችም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንጓችን ነው የምልሽ። ትናንት ከምሰሶው ጋር ተላተመች። ዛሬ እኔን ረገጠችኝ። ካላመንሽኝ ጥሪያት።»

ደብሪቱ ከቤቱ መሃል ቆመችና ተጣራች። «አንጓች! ነይ ወደ እናትሽ!»

ልጅቷ ከበሩ በኩል ገባች። ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ወለሉን በእግሯ እየዳሰሰች መጣች። መጣች፣ መጣችና በእናቷ አጠገብ አልፋ ሄደች። ሙቀጫውን አገኘችው። አቀፈችውና ጉንጯን አስደግፋ፣ «እማዬ» አለች።

በዓመት አንዴ የሚናገረው ሙቀጫ ያን ጊዜ ተናገረ። «እዚህ አይደለችም፣ ልጄ። ከኋላሽ ናት።»

ደብሪቱ እዚያው ቁጢጥ አለችና ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። የልጅቷ ዓይን ተከፍቷል፤ ዓይኑ ግን የሚያየው ነገር አልነበረም።

«ዳፍንት ነው» አለች ድስቷ ቀስ ብላ። «በስንት ቤት ተጥጄ አይቼዋለሁ። አረንጓዴና ቢጫ ምግብ ያጣ ዓይን ሲመሽ ይዘጋል። ቶሎ ካልደረሱለት ቀንም ይዘጋል።»

«ገድያታለሁ» አለች ደብሪቱ።

«አልገደልሻትም። ደክሞሽ ነበር።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»



በማግስቱ ጠዋት ጦጣ መጣች። አሁን ከብብቷ ሸንኮራ አልነበረም።

«እመት ደብሪቱ፣ ሽምብራሽ አለቀ፤ ዱባሽም አለቀ። እንግዲህ የማትጥጂባት ድስት ምን ታደርግልሻለች? ድስቷን ስጪኝና ክረምቱን ሙሉ ሸንኮራ አመላልስልሻለሁ።»

ድስቷ ስለ ሌላው ትለምን ነበር እንጂ ስለ ራሷ መለመን አልቻለችም።

እናንተ ብትሆኑ «አልሰጥም» ትሉ ይሆናል። ደብሪቱ ግን ቆመችና አሰበች። ጎታው ባዶ ነው። ከጓሮው የሚመር ጎመን ብቻ ቀርቷል። ብጥድስ ምን እጥዳለሁ? ብሠራስ ማን ይበላልኛል? እጇ በራሱ ጊዜ ሄዶ የድስቷን ጆሮ ያዘ።

ይህን ጊዜ የጦጣ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ላይ ብቅ አለ። ጉንጩ ሞልቷል፣ ጸጉሩ ያብረቀርቃል፣ ዓይኑ እንደ ኮከብ ነው። አንድ ነገር ቀርጠም ቀርጠም ያደርጋል።

«ልጅሽ ምን ይበላል?» አለች ደብሪቱ።

«ያንቺን ሽምብራ ነዋ! ከዱባው ጋር ስሰጠው እጄን ሊነክሰኝ ይደርሳል።»

«ሸንኮራስ ትሰጪዋለሽ?»

ጦጣ ደንግጣ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው። «ምን በወጣው! እኔ ልጄን እወደዋለሁ እኮ!»



ደብሪቱ አልጮኸችም። መጮህም አቅም ይጠይቃል። «እኔም እወዳቸዋለሁ» አለች። «ደክሞኝ ነው እንጂ።»

«አውቃለሁ» አለች ጦጣ። «ያልደከማት ሴት ዘንድ ሸንኮራ ይዤ ሄጄ አላውቅም።»

ደብሪቱ የድስቷን ጆሮ እንደያዘች ብድግ አደረገቻት። ሸረሪቱን በመዳፏ ጠረገችው። ወስዳም ከሦስቱ ጉልቻ ላይ አስቀመጠቻት።

«ሂጂ» አለቻት ጦጣን። «ዳግመኛም ከደጄ እንዳላይሽ።»

ጦጣ ሄደች። ሌላ ደጃፍ አታጣም።

ደብሪቱ የጎታውን ወለል በመጥረጊያ ጠረገችና ከስንጥቁ ሁሉ ሦስት እፍኝ ሽምብራ ለቀመች። ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከዱባው ቅጠል ሥር ጦጣ ያላየችው አንድ ዱባ ተሸሽጎ አገኘች። ጎመኑ ጦጣ የናቀችው ነውና እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ ሰብስባ ወደ ቤት ገባች። ገባችና ቢላዋውን አነሳች። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ድጋሚ አነሳችው፤ ድጋሚ ወደቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ልታነሳው አልሞከረችም። መደቧ ላይ ተቀመጠች።

«አልችልም» አለች። «እንዳልዋሽሽ፣ አልችልም።»

«ተቀመጪ» አለቻት ድስቷ። «ልጆቹን ጥሪያቸው።»

«እነሱ ምን ያውቃሉ?»

ሙቀጫው ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረ። «እጅ አላቸው» አለ።

ልጆቹ ተጠሩና መጡ። ድስቷ ከልጅ ጋር ተነጋግራ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ተናገረቻቸው። «ሸንኮራ የለም። እናታችሁ ደክሟታል። የራበው እጁን ይታጠብ።»

ርቧቸው ነበርና ታጠቡ።

ደርብ ሽምብራውን ቆላ። እሳቱ ደስ ብሎት ሊነድ ሲል ድስቷ «ቀስ!» ብላ ጮኸችበት። የተቆላውን ሙቀጫው ውስጥ ጨመሩትና ደርብ ይወቅጠው ጀመር። «ንፋው» ትላለች እናቱ ከመደቧ። «ገለባው ይውጣ።» እሱ ሲነፋ ገለባው ትርንጎ ጸጉር ላይ ያርፋል። ትርንጎ ዱባውን ከትፋ ቀቀለች። «ውሃ አታብዢ። በቃ። ተይው፣ በራሱ ውሃ ይብሰል።» ሲበስል በማማሰያ ደፈጠጠችው። ያ የሚያሟልጨው ዱባ እንደ ሊጥ ወፈረ። አንጓች ከበሩ ብርሃን ላይ ተቀምጣ ጎመን ቀነጠሰች። በቀን ታያለች፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ወደ ዓይኗ እያስጠጋች ቀነጠሰችው። ጎመኑን ደቀቅ አድርገው ከትፈው አበሰሉና ከዱባው ጨመሩት። ተወቅጦ የደቀቀውን ሽምብራ ነሰነሱበት፣ ጨውና ትንሽ የኑግ ቅባት ጠብ አደረጉበት፣ አሹት። ጭብጦ ሆነ።

ጭብጦ ደግሞ ሲጨብጡት ቅርጽ ይይዛል። ማንም ሳያዛቸው ይጫወቱበት ጀመር። ደርብ ቀንዳም በግ ሠራ። ትርንጎ ጆሮ ያለው ማሰሮ ሠራች። ደርብ የበጉን ቀንድ ገመጠና «ቀንዱ ይጣፍጣል» አለ። ትርንጎ የማሰሮዋን ጆሮ በላች።

አንጓች ጀርባዋን ሰጥታ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ አንድ ጎርበጥባጣ ነገር በመዳፏ ይዛ ዞረች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷ።

«ጦጣ» አለች አንጓች። አለችና የጦጣዋን ጭንቅላት ገመጠች።

አፍ ተከፈተ? ተከፈተ።

አሁን ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን የሆነውን ልንገራችሁ። አንጓች ያን ቀን የበላችው የጦጣዋን ጭንቅላት ብቻ ነው። በማግስቱ ጭንቅላቷንና አንድ እጇን በላች። በሦስተኛው ቀን አኩርፋ ምንም አልበላችም። ደርብ ሽምብራውን አሳረረው፤ ትርንጎ ጨው አበዛችበት፤ ወለሉ ሁሉ ዱባ ሆነ። ደብሪቱን ከማብሰሉ ይልቅ መጥረጉ አደከማት። ሽምብራውም አለቀና አንድ ሳምንት ሽምብራ እየተሰጣት የሌላ ሰው ማሳ አረመች። አንድ ጊዜ ከነ ድካሟ መንገድ ላይ ሸንኮራ የያዘ ሰው አይታ ቆማ ተመለከተችው። ቆመች እንጂ አልጠራችውም።

ግን አርማ ስትመጣ ውሃው ተቀድቶ ታገኛለች። አንዳንድ ቀን እንጨቱም ተሰብሮ ታገኛለች። እሷ የቀረውን ትሠራለች። ልጆቹ ከፊሉን ሲበሉ ከፊሉን ይጫወቱበታል። የሠሩትን አውሬ ሁሉ በልተው ጨረሱት፤ ጅቡን፣ አንበሳውን፣ ስም የሌለውንም። ንፍሮ እንኳ ራሳቸው ጨው ሲነሰንሱበት ንፍሮ መሆኑ ቀረ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ደብሪቱ ከሩቅ ማሳ ስታርም መሸባት። መንገዱ ድንግዝግዝ ብሏል። የለቀመችውን ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ከላይ በኩል የእግር ኮቴ ሰማች። ትንሽ እግር ነው። ድንጋዩን እየዘለለ፣ እሾሁን እየዞረ ወደ እሷ ይወርዳል።

አንጓች ነበረች። ብቻዋን።

«ማን ላከሽ አንቺ ልጅ? ማን ይዞሽ መጣ?»

«ማንም» አለች አንጓች። «ከደጅ ሆኜ አየሁሽ። መጣሁ።»

ደብሪቱ ሸክሟን አውርዳ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ለዚያም አቅም አነሳት። ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ አለችና አቅሟ እስኪመለስ ጠበቀቻት።

ልጆች፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ለደከመ ሰው ሸንኮራ የሚያመጣለት ብዙ ነው፤ ዱባ የሚከትፍለት ግን ጥቂት ነው። ልጅም ቢሆን፣ እጁ ያቦካውን አፉ አይንቀውም።

ተረቴን ከእሳቱ አውርጃለሁ፤ የራበው እጁን ይታጠብና ይቅረብ።